የግንባታ ሠራተኛውና ድምፁ፦ ከጣርማ በር መንገድ እስከ ዛሬዋ ደብረ ብርሃን



በየዓመቱ በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ አካባቢያችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ ማውጣት ልማዳችን መሆኑን ታውቃላችሁ። አምና ስለ አድባራቱ፣ ካቻምና ስለ አርበኞቹ ጻፍን። ዘንድሮ ድንጋይ ስለሚጠርበው፣ ፌሮ ስለሚያጥፈው፣ ባሬላ ስለሚሸከመው ወገናችን ለመጻፍ የተስማማነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዕድራችንን መዝገብ ገልጦ ያየ ሰው ከአባሎቻችን መካከል ግንበኛው፣ አናጢው፣ ለሳኙ፣ ቀለም ቀቢውና የቀን ሠራተኛው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ከሕንጻ ላይ ወድቆ ለሞተ ሰው ድንኳን የምንጥለው እኛው ነን፤ ንፍሮ የምንቀቅለው፣ ቤተሰቡን አብረን የምናስተዛዝነው እኛው ነን። እንግዲህ ሰው ከሞተ በኋላ የምንሰበሰብለት ከሆነ፣ በሕይወት ሳለ ስለ ሥራው ሁኔታ በሚወሰንበት ቦታ ድምፁ ይሰማ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅም የኛው ጉዳይ ነው ብለናል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ቤተ መንግሥት ሲታነጽ፣ አጥር ሲታጠር፣ ጎተራ ሲሠራ አብዛኛው ሠራተኛ በደመወዝ የተቀጠረ አልነበረም። መሬት የያዘ ገበሬ ከእህሉና ከማሩ ሌላ የጉልበት ግብር ነበረበት። እንጨቱን ከጫካ ቆርጦ በትከሻው ያመጣል፤ ድንጋዩን ይፈነቅላል፤ ስንቁንም ራሱ ነው የሚይዘው። የሥራውን ቀን የሚወስነው አለቃው ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሌላ የአሠራር ልማድ ነበረን፤ እሱም ደቦው ነው። በደቦ ጊዜ ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ቤቱን ያሠራል፤ ዛሬ ለመጣለት ነገ ሄዶ ብድሩን ይመልሳል። የቱ ቀን ይሁን፣ በማን ቤት ይጀመር፣ ማን ይቅደም የሚለው በምክር ነው የሚያልቀው። ሁለቱም ቤት መሥራት ነው፤ በደቦው ሠራተኛው ይጠየቃል፣ በግብሩ ይታዘዛል።

የእጅ ባለሙያውማ ከዚህም የባሰ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው በሙያው ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። እንዲህ የሚሰደብ ሰው በጉባኤ መካከል ተነሥቶ «እኔም ልናገር» ቢል ማን ሊሰማው?

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን እንደወረረ ጦሩንና ስንቁን የሚያመላልስበት መንገድ ያስፈልገው ነበርና ከአስመራ በደሴ፣ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና መሥራት ተያያዘው። በኛ በኩል ካለው ሥራ ሁሉ የከበደው ጣርማ በር ነበር። የደብረ ሲናን ቁልቁለት ላየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ተራራው ተፈልፍሎ መኪና የሚያሳልፍ ዋሻ ወጣለት፤ ጣሊያኖቹም በመሪያቸው በሙሶሊኒ ስም ጠሩት። ያ ስም ከባለቤቱ ጋር ጠፍቷል፤ ዋሻው ግን አለ፤ ወደ ደሴ የሚሄድ ሾፌር በጉም ቀን መብራቱን አብርቶ በውስጡ ያልፋል።

በመንገዱ ሥራ ላይ ከጣሊያን አገር የመጡ ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ የአገሬው ሰውም ነበረ። ክፍያው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር። ነጩና ጥቁሩ አንድ ተራራ እየቆፈሩ በአንድ ሒሳብ አይከፈሉም። አንድ ነገር ግን ያመሳስላቸዋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የፋሺስቱ መንግሥት በገዛ አገሩ በ1918 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ነጻ የሠራተኛ ማኅበርንና ሥራ ማቆምን ከልክሎ ስለነበር፣ ጣሊያናዊውም ሠራተኛ ቢሆን ስለ ደመወዙ ድምፅ የሚሰጥበት ጉባኤ አልነበረውም። የሌላውን አገር ነጻነት ለመግፈፍ የመጣው መንግሥት መጀመሪያ የገፈፈው የገዛ ወዛደሩን ነው ማለት ነው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መንገዱንና ቃላቱን ትቶልን ሄደ። ካቦ፣ ፌሮ፣ ባሬላ፣ አርማታ፣ ሲሚንቶ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። የመሣሪያውን ስም ከነሱ ወሰድን እንጂ «ማኅበር»፣ «ጉባኤ»፣ «ድምፅ» የሚሉት የራሳችን ናቸው። «አድማ»ም የራሳችን ነው። ችግሩ በድሮው አነጋገር አድማ ማለት ሤራ ማለት ጭምር ስለነበረ፣ ዛሬም አንዳንድ አባቶቻችን ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል።

ዕድርም በዛሬው መልኩ በከተማ የተስፋፋው ከዚያው ከወረራው ዘመን ወዲህ መሆኑን ስለ ጉዳዩ የጻፉ ሰዎች ያስረዳሉ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በድምፅ መምረጥ፣ ሒሳብ በጉባኤ ፊት ማስመርመር፣ መዋጮው ከፍ ይበል አይበል ተከራክሮ መወሰን፣ ይህን ሁሉ ብዙው የከተማ ሰው የለመደው ፓርላማ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። በመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ለመመረጥ ንብረት ያለው ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር። በዕድር ግን መዋጮውን የከፈለ ሁሉ እኩል ነው። ባለ ሱቁም አንድ ድምፅ፣ ባሬላ ተሸካሚውም አንድ ድምፅ።

እዚህ ላይ ከሰሜን ሸዋ ወጣ ብለን ወደ ወንጂ ብንሄድ አንባቢ አይከፋን፤ ዕድርና የሠራተኛ ማኅበር የተገናኙት እዚያ ስለሆነ ነው። የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች በ1930ዎቹ መጨረሻ ተሰባስበው እንደነበር የታወቀ ነው። በወንጂ ደግሞ የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስችል ሕግ ገና አልነበረም። ሠራተኛው ታዲያ ምን አደረገ? መጀመሪያ የተሰባሰበው በዕድር መልክ ነው። ለቀብርና ለሕመም መዋጮ መሰብሰብን ማን ይከለክላል? ሰው በዕድር ስም ከተቀመጠ በኋላ ግን ወሬው በቀብር ብቻ አያበቃም። እገሌ ምን ሆኖ ሞተ? ማሽን ይዞት። ለቤተሰቡ ምን ተከፈለ? ደመወዛችንስ ለምን እንዲህ ሆነ? እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሩ ወደ ሠራተኛ ማኅበር አደገ። ስለዚህ ዛሬ «ዕድርና የሠራተኛ ማኅበር ምን አገናኘው?» ለሚሉን አባላት መልሳችን አጭር ነው፦ እናትና ልጅ ናቸው።

ሕጉ ቀስ እያለ ተከተለ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ኢትዮጵያዊ በፈቀደው ሥራ ለመሰማራትና ለዚሁም በሕግ መሠረት ማኅበር ለማቋቋም መብት እንዳለው ጻፈ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት የሚመለከተው ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ፤ በጥቅምት 1956 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸና። በመካከሉ፣ በሚያዝያ 1955 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት አቶ አበራ ገሙ ነበሩ፤ እሳቸውም ከዚያው ከወንጂ ነው የመጡት።

እንግዲህ ሕጉ ወጣ፣ ማኅበሩ ቆመ፤ ግንበኛውስ? ዋናው ነጥባችን እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ማኅበሩን ከድርጅቱ ጋር አሠረው፤ በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ስኳር ፋብሪካ የትም አይሄድም። በከተማችን የነበረው የብርድ ልብስ ፋብሪካም የትም አልሄደም፤ ሠራተኛው ጧት በአንድ በር ይገባል፣ ማታ በዚያው ይወጣል፤ ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ቆሞ ይተዋወቃል። ግንበኛውን ግን የሚያባርረው የገዛ ሥራው ነው። ቤቱን ጥሩ አድርጎ ጨረሰ ማለት ሥራ ፈታ ማለት ነው። መሠረት ቆፋሪው ሲወጣ ግንበኛው ይገባል፤ ግንበኛው ሲወጣ አናጢው፣ ከዚያ ለሳኙ፣ ከዚያ ቀለም ቀቢው። ሃምሳ ሰው ተዋውቆ «ማኅበር እናቋቁም» እስኪል ድረስ ግማሹ ሌላ ከተማ ነው። ይህ ስንፍና ወይም ፍርሃት የሚባል ነገር አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ የካቦው ነገር ነው። የቀን ሠራተኛን ወደ ሥራ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ካቦው ነው። ከሀገር ቤት ያመጣዋል፣ ያሳድረዋል፣ ያበድረዋል። ደግ ካቦ አለ፤ እንደ አባት የሚታይም አለ። ነገር ግን ሠራተኛው ለሱ ያለበት ውለታ ስለሚከብድ ካቦው ያለው ይሆናል። በአንድ ካቦ ሥር ያሉ ሠላሳ ሰዎች ሠላሳ ድምፅ የላቸውም፤ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም የካቦው ነው።

በ1966 ዓ.ም. የሆነውን ትልልቆቻችን ታስታውሳላችሁ። ከየካቲት 28 ቀን ጀምሮ ለአራት ቀን ያህል በአንድነት ማኅበሩ ጥሪ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ፤ በአገራችን ታሪክ እንዲህ ያለው የመጀመሪያው ነበር። የቀረቡት ጥያቄዎች 16 ሲሆኑ የደመወዝ ወለልና በነጻ የመደራጀት ጉዳይ ይገኙባቸው ነበር። የልጅ እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ጥያቄዎቹን ተቀበልኩ አለ፤ ወራት ሳይቆይም መንግሥቱ ራሱ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው ብዙ ደም ያለበት ስለሆነ እዚህ አንዘረዝረውም። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደርግና ማኅበሩ ተጋጩ፤ ማኅበሩ ፈረሰ። በዚያው ዓመት በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 64 አንድ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገው ቁጥር ከ50 ወደ 20 ዝቅ አለ፤ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ።

ቁጥሩ ሲቀንስ ለግንባታ ሠራተኛው በሩ ሰፋ ማለት ነው፤ በመንግሥት የሕንጻና የመንገድ ሥራ ድርጅቶች ውስጥ ብዙ ሰው የማኅበር አባል የሆነው በዚያን ጊዜ ነው። ድምፁ ግን ጠበበ። ያንን ስብሰባ የማያስታውስ አለ? መድረኩ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ከላይ የመጣ የዕጩዎች ዝርዝር፣ ከዚያ «የሚደግፍ እጁን ያውጣ!» ይባላል። «የሚቃወም?» ዝም። «ድምፅ ተአቅቦ?» አሁንም ዝም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ይጨበጨባል። እጁን ያላወጣ ማን እንደሆነ ከኋላ የሚቆጥር ሰው ነበረ። በዚህ ዓይነት አሥራ ሰባት ዓመት የኖረ ሕዝብ ዛሬ «ድምፅ ስጡ» ሲባል ቢሰለቸው አይፈረድበትም። በኛ አስተያየት ዛሬ በየሥራ ቦታው ለምናየው ቸልታ ትልቁን ምክንያት የፈጠረው ያ ዘመን ነው። ሰው ድምፅ መስጠትን ከማጨብጨብ ጋር አንድ አድርጎ ለምዶታል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 42 ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በ1986 ዓ.ም. ተመሠረተ። የመንግሥትን የኤኮኖሚ ፖሊሲ በመተቸት የተጀመረው ክርክር ተካርሮ ምዝገባው ተሰርዞ ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. እንደገና ተቋቋመ። በሥሩ ካሉት የኢንዱስትሪ ፌዴሬሽኖች አንዱ የኮንስትራክሽን፣ የእንጨት፣ የብረታ ብረትና የሲሚንቶ ሠራተኞችን ማኅበራት የያዘው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 የሠራተኞችን በማኅበር የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብት ደነገገ።

«ግንበኛ ተበታታኝ ነው፣ መቼም አይደራጅም» የሚል ሰው ካለ አንድ የሩቅ አገር ነገር እንንገረው። በዓለም ላይ የስምንት ሰዓትን የሥራ ቀን ደመወዛቸው ሳይቀነስ ቀድመው ካገኙት መካከል በአውስትራልያ የሜልበርን ከተማ ድንጋይ ጠራቢዎች ይገኛሉ። ዘመኑ በኛ አቆጣጠር 1848 ዓ.ም. ነው፤ በአንኮበር ገና ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሞት ብዙ ዓመት ያልሆነው። እነዚህ ሰዎች ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበር። አስቀድመው በማኅበራቸው ተሰብስበው ተወያዩ፣ ወሰኑ፤ ከዚያ በተቆረጠው ቀን መዶሻና መሮአቸውን አስቀምጠው ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ እየዞሩ ሌላውን ግንበኛ እየጨመሩ ወደ ምክር ቤቱ ሰልፍ ወጡ። የፋብሪካ ሠራተኛ አልነበሩም፤ እንደኛዎቹ ጠርበው፣ ገንብተው፣ ወደ ሌላ ሥራ የሚሄዱ ነበሩ። በሥራ ቦታቸው ምክንያት ሳይሆን በሙያቸው ተሳሰሩ።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ደብረ ብርሃን ባለፉት ሃያ ዓመታት ምን ያህል እንደተገነባች ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ መኖሪያ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ መጋዘኑም እንዲሁ። ሠራተኛው ከመንዝም ከቡልጋም ከአንኮበርም ከተጉለትም መጣ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከቀያቸው ተፈናቅለው ከተማችን የተጠለሉ ወገኖች ለልጆቻቸው ዳቦ መግዣ የቀን ሥራ ይፈልጋሉ፤ ያገኙትን ክፍያ ይቀበላሉ። ይህን ያዩ አንዳንድ ነባር ሠራተኞች «ዋጋ አበላሹብን» ሲሉ እንሰማለን። አበላሾቹ እነሱ አይደሉም። ዋጋው በጉባኤ ያልተወሰነ ስለሆነ የቸገረው ሰው ሲመጣ ይወርዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ሕግ ለማስተማር ባንነሣም አባሎቻችን ሊያውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉበት። አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ ከ50 ወደ 20፣ ከዚያም ወደ 10 ወረደ ማለት ነው። ለግንባታ ሠራተኛ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነው፦ ከአሥር ያነሰ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ። በየሰፈሩ ሁለት ሦስት ሆነው በትናንሽ ተቋራጮች ሥር የሚሠሩ ግንበኞችና ረዳቶቻቸው «ለኛ የሚሆን ማኅበር የለም» የሚሉት ይህን ስላልሰሙ ነው። የሜልበርኖቹን መንገድ ሕጋችን በአቅሙ ከፍቶልናል።

ሌላው፣ አሠሪ ሠራተኛውን የማኅበር አባል በመሆኑ ምክንያት ከሥራ ሊያሰናብተው አይችልም። በማኅበር ምርጫ ላይም ለእገሌ ስጥ፣ ለእገሌ አትስጥ ብሎ ማስገደድ በሕጉ የተከለከለ ነው። በአገር ምርጫ ቀን ደግሞ ሠራተኛው የዜግነት መብቱን ለመፈጸም ለሚወስድበት ጊዜ ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጠዋል። ሕጉ ስለ ደመወዝ ወለልም ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ ይህ ጉዳይ ግን ዓመታት ሲንከባለል ቆየ። የ1966ቱ ጥያቄ ከነበረበት ብዙም አልተንቀሳቀሰም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ትልቁ ነገር ያለው ከቁጥሩ ላይ ነው። ሥራ ለማቆም የሚወሰነው የማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ በተገኙበት ስብሰባ፣ በአብላጫ ድምፅ ነው። ይህን በጣታችን እንቁጠረው። ማኅበሩ 90 አባል ቢኖረው 60 ሰው መቀመጥ አለበት። 59 ሰው መጥቶ ሁሉም በአንድ ልብ ቢወስን ውሳኔው ውሳኔ አይሆንም። እንግዲህ ያልመጣው ስድሳኛው ሰው «እኔ አንድ ሰው ምን ለውጥ አመጣለሁ» ብሎ ቤቱ የቀረው ነው። ቤቱ ተቀምጦ የሃምሳ ዘጠኙን ሰው ቃል ሽሮታል። ዕድርተኛ ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም፤ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ስንት ጊዜ ተበትነናል!

ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው ለአድማ ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። አድማ ከስንት ዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ነው፤ መምጣቱም ሁልጊዜ የሚያስደስት አይደለም። የዘወትሩ ጉዳይ የኅብረት ስምምነቱ ነው። እስቲ የከተማችንን ብርድ እንውሰድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሲወርድ ጧት በበርሜል ያለው ውሃ ቆዳ ይሠራል፤ ብረቱ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ የእንጨት መወጣጫው በውርጭ ያዳልጣል። በመወጣጫ ላይ በዚያ ሰዓት ሰው ማውጣት አደጋ እንደሆነ የሠራበት ሁሉ ያውቃል። ለአገር የወጣ ሕግ ግን ስለ ደብረ ብርሃን የኅዳር ጧት ሊጽፍ አይችልም፤ በአዋሽ በረሃም በጣርማ በርም አንድ ሕግ ነው የሚሠራው። በኅዳር ሥራ ስንት ሰዓት ይጀመር፣ ጓንትና የራስ መከላከያ መቼ ይሰጥ፣ መወጣጫውን ሰው ከመውጣቱ በፊት ማን ይፈትሸው፣ ክፍያው በየሳምንቱ ይሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ትርፍ ሰዓቱ እንዴት ይመዝገብ፤ እነዚህ በኅብረት ስምምነት ሊገቡ የሚችሉ ናቸው። የሚገቡት ግን ሠራተኛው ወኪሎቹን ከመረጠና ከላካቸው፣ ያመጡትንም ረቂቅ ተቀምጦ ካየ ነው። እኛ በዕድራችን ከቀበርናቸው መካከል ነገሩ ቀደም ብሎ በጉባኤ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ አብረውን ይኖሩ ነበር የምንላቸው ወንድሞች አሉ። ስማቸውን እዚህ መጥራት ቤተሰቡን መቀስቀስ ስለሚሆን እንተወው።

ከአባሎቻችን ጋር ስንነጋገር «ለምን አልሄድክም?» ለሚለው ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰምተናል። አንዱ «የተመረጡት ሰዎች የአሠሪው ወዳጆች ናቸው» ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ቦታ የሚታይ ነው። ነገር ግን የማይሆነውን ወኪል የሚያወርደው ያው ድምፅ ነው፤ በዕድራችንም ሒሳብ ያጓደለ ሲገኝ ያወረድነው በሌላ አይደለም። ሌላው «ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ስድስት ወር ቀረው፤ ምን ይሠራልኛል» ይላል። ስድስት ወር በመወጣጫ ላይ ለሚውል ሰው አጭር ጊዜ አይመስለንም። ሴቶቹ ደግሞ፣ በተለይ አሸዋና ውሃ የሚያመላልሱት እናቶችና እህቶች፣ «ስብሰባው በወንዶች የተያዘ ነው፣ ብንናገር ማን ይሰማናል» ብለውናል። ይህ ቅሬታ ለኛም ለዕድርተኞቹ የሚደርስ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልፈለግንም። በሕጉ የሷ ድምፅ ከፎርማኑ ድምፅ አያንስም።

ከሁሉም ግን ያስደነገጠን የአንድ ወጣት ፌሮ ሠራተኛ መልስ ነው። የማኅበሩ ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ነው አለን፤ በሌላው ቀን ሥራ ስለሆነ። እሑድ ደግሞ የዕድር ስብሰባ አለ፤ ለቅሶም ካለ እሑድ ነው የሚበዛው። ከዕድር ከቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ ከማኅበሩ ከቀረ ግን ማንም አይቀጣውም። «ታዲያ የቱ ይሻለኛል?» አለን። ሒሳቡን ስናየው ልጁ እውነቱን ነው። ስንት ሰው የኛን መቀጫ ፈርቶ ከሥራ ቦታው ጉባኤ ቀርቶ ይሆን?

ስለዚህ የዝግጅት ክፍሉ ከሥራ አመራር ኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ አንድ የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ሐሳብ አዘጋጅቷል። ይኸውም ማንኛውም አባል በሚሠራበት ቦታ የሠራተኛ ማኅበር ጉባኤ ላይ ለመገኘት ከዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ቢቀር፣ ከማኅበሩ በማኅተም የተረጋገጠ አጭር ወረቀት እስካመጣ ድረስ መቀጫ እንዳይከፍል ነው። ለቀብር ግን አይሠራም፤ ቀብር ቀብር ነው። አንዳንድ አባላት «ይህ ለመቅረት ሰበብ ይሆናል» ብለው ከወዲሁ ተቃውመውታል፤ ከመካከላቸው የቆዩና የምናከብራቸው አባቶች አሉበት፤ ሐሳባቸውንም በጉባኤው ላይ በሰፊው እንዲያስረዱ ጊዜ ይሰጣቸዋል።

ጉባኤው ከጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በተለመደው ቦታ ይደረጋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ሳይሆን በወረቀት ነው። ነጭ ወረቀት ለሚስማማ፣ ሰማያዊ ወረቀት ለማይስማማ ተዘጋጅቷል፤ ማንበብ የማይችል ሰው የማንንም እርዳታ አይፈልግም። ሣጥኑን አናጢ አባላችን ያለ ክፍያ ሠርተውልናል፤ ቁልፉ በገንዘብ ያዡ እጅ ይገኛል።